ታጣፊ ብስክሌቶቻችን ከአሥራ አምስት ወር የመርከብ ጉዞ በኋላ

ተራ ብስክሌት መርከብ ላይ ሲወጣ እንደ ተሽከርካሪ ይቆጠራል። ከመኪኖች ጋር ይሰለፋል፣ ከከባድ ጭነት መኪኖች ጎን ገብቶ ወለሉ ዳር በገመድ ይታሰራል፤ በብዙ መስመሮችም የራሱ ክፍያ አለው። ታጣፊ ብስክሌት ግን ተጣጥፎ ከረጢት ውስጥ ሲገባ ሻንጣ ይሆናል። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ሁለት ታጣፊ ብስክሌቶች የገዛነው ለዚሁ ነው። የምንኖረው ስቶክሆልም ነው፤ ሁለታችንም በፈረቃ ስለምንሠራ ዕረፍታችን የሚገጥመው በወር ሁለት ቀን ቢሆን ነው። ማታ ተሳፍረን፣ ባሕር ላይ አድረን፣ ጠዋት ሌላ አገር ውስጥ ብስክሌት እንነዳለን። የሆቴል ወጪ የለብንም።

ብስክሌቶቹ ባለ 20 ኢንች ጎማ፣ ባለ ሰባት ማርሽ፣ አካላቸው አሉሚኒየም፣ ክብደታቸው 12 ኪሎ ገደማ ነው። አንዱን የገዛነው በ4,900 ክሮነር ነው። መጀመሪያ ለማጠፍ አምስት ደቂቃ ይፈጅብን ነበር፤ አሁን አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ብዙ ጊዜ የሄድነው ከስቶክሆልም ወደ ፊንላንዷ ከተማ ቱርኩ ነው። ጉዞው አሥራ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ መርከቡ ሌሊት ኦላንድ ደሴቶች ላይ ይቆማል። የምንይዘው ርካሹን፣ መስኮት የሌለውን ክፍል ነው። ሁለቱ ብስክሌቶች በአልጋዎቹ መካከል ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ እግር ማሳለፊያ ግን አይተርፍም። መርከቡ ኦላንድ ላይ ለመቆም ሲዞር ወለሉ ይንቀጠቀጥና የአንዱ ፔዳል ግድግዳውን ቀጭ፣ ቀጭ ያደርጋል። ባለቤቴ የሱፍ ካልሲውን ፔዳሉ ላይ ከጠቀለለበት ሌሊት ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ቆሎና ዳቦ ይዘን ስለምንገባ ለምግብ የምናወጣው ለሻይ ብቻ ነው።

ከሁሉ የማልወድላቸው ነገር የካቴናው አቀማመጥ ነው። ጥሩ ታጣፊ ብስክሌት ሲታጠፍ ካቴናው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ይገባል። የእኛዎቹ ሲታጠፉ ግን ካቴናው በውጭ በኩል ይቀራል። ለፋሲካ ሄልሲንኪ ወዳሉ ወዳጆቻችን ስንሄድ ቅባቱ በከረጢቱ አልፎ ነጠላዬን ነካው፤ ጥለቱ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ከዚያ በኋላ ከአሮጌ መጋረጃ ድርብ ከረጢት ሰፋሁላቸው። ልትገዙ ያሰባችሁ ሱቅ ውስጥ አጥፋችሁ ካቴናው የት እንደሚወድቅ ሳታዩ ገንዘባችሁን አታውጡ።

ሁለተኛው ችግር በአምስተኛው ወር መጣ። ትንሽ ጎማ ኮብልስቶን አይወድም፤ የስቶክሆልም አሮጌ ከተማ ጋምላ ስታን ደግሞ ድንጋይ በድንጋይ ነው። ከዋናው ማጠፊያ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ መሪውን ወዲያና ወዲህ ሳወዛውዝ መቆለፊያው ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ፈጥሯል። ሰው ሙሉ ክብደቱን የሚጥልበት ቦታ ነውና በጣም ደነገጥኩ። የገዛንበት ሱቅ «በአጠቃቀም ያለቀ ነው» ብሎ መለሰን። በስዊድን ሕግ ሸማች ለዕቃ ጉድለት እስከ 3 ዓመት የማመልከት መብት አለው። ይህንን ጠቅሰን በጽሑፍ ስናመለክት መቆለፊያውን ያለ ክፍያ ቀየሩልን። አሁን ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ብሎኑን በእጄ እፈትሻለሁ።

ዝገቱን ባሕሩ ያመጣዋል ብለን ፈርተን ነበር። የባልቲክ ውኃ በእኛ በኩል ያለው ጨው ግን የውቅያኖሱን አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ብሎኖቹን የበላው ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። ከጥር ጀምሮ በየሳምንቱ በለብ ያለ ውኃ እያጠብን ካቴናውን ዘይት እናጠጣለን፤ ዝገቱ ባለበት ቆሟል።

ማጠፉ የሚሰጠው ጥቅም ከከተማ ከተማ ይለያያል። ስቶክሆልም ላይ ምድር ውስጥ ባቡር ተራ ብስክሌት አያስገባም፣ የታጠፈውን ግን ያስገባል፤ እዚህ ዋጋቸውን መልሰዋል። ቱርኩ ላይ ማጠፍ አያስፈልግም። የአውራን ወንዝ የምታሻግረው ትንሿ ጀልባ ፎሪ ከ1904 ጀምሮ ሰውንና ብስክሌትን በነፃ ታመላልሳለች፤ እኛም በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ የተሻገርነው ሌላ ጉዳይ ኖሮን ሳይሆን ስለወደድናት ነው። ኮፐንሃገን ላይ ደግሞ የከተማው ባቡር ተራ ብስክሌትንም ያለ ክፍያ ስለሚጭን ማጠፋችን አንድም ቀን አልጠቀመንም።

ወደ ኮፐንሃገን የሄድነው መስከረም ላይ ነበር። በባቡር እስከ ሄልሲንግቦሪ፣ ከዚያ በመርከብ 20 ደቂቃ ተሻግረን የዴንማርኳ ሄልሲንግዮር፣ ከዚያ በባሕሩ ዳር 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳን። መንገዱ ሜዳ ነው፣ የብስክሌት መስመሩም እጅግ ያማረ። ሠላሳውን ኪሎ ሜትር ካለፍን በኋላ ግን የእጄ አንጓ ደነዘዘ፤ ትንሹ ጎማ የመንገዱን እያንዳንዱን ስንጥቅ ወደ ክንድ ያስተላልፋል። ትልቁ ማርሽ እንኳን ቀላል ስለሆነ እግራችን በከንቱ ይሽከረከር ነበር። አጠገባችን የሚያልፉ አዛውንቶች በትልልቅ ጎማቸው ሳይቸኩሉ ጥለውን ሄዱ። እንደዚያም ሆኖ ማምሻውን በ2014 የተከፈተውን ብርቱካናማ የብስክሌት ድልድይ ከውኃው በላይ እየተጠማዘዝን ስንወርድ ባለቤቴ ዞሮ «ይህንንስ ለእናቴ ባሳየኋት!» አለኝ።

ለከተማና ለመርከብ ዛሬም እነዚህኑ እገዛለሁ፤ ካቴናቸው ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ከተገኘ ግን ሺህ ክሮነር ብጨምር አይቆጨኝም። በቀን ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚነዳ ሰው አይሆኑም። ለሐምሌ ያሰብነው የቱርኩን ደሴቶች የሚዞረውን 250 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያሉት ቢጫ ጀልባዎች ነፃ ናቸው። ባለቤቴ አሁንም «በታጣፊዎቹ እንሂድ» ይላል። እኔ ግን ቱርኩ ላይ ትልልቅ ጎማ ያላቸው እንድንከራይ ገንዘቡን ለብቻ ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ።