በሱሉልታ መንገድ ወደሚገኘው «የሚያቃጥል ቸኮሌት ቅምሻ» ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ሰሞኑን የሚዞረውን ማስታወቂያ ሳታዩት አትቀሩም። እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ኩባያ፣ ከላዩ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት፣ ከጎኑ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ቸኮሌት። «ንጹህ የቤልጂየም ቸኮሌት በሐበሻ ቅመም» ይላል። ቦታው ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ስትወጡ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ዋጋው በሰው 1,800 ብር ሲሆን በቅድሚያ በቴሌብር ይላካል፤ ለዚህም አምስት ዓይነት የሚያቃጥል ቸኮሌትና አንድ ኩባያ ሆት ቸኮሌት ትቀምሳላችሁ ተብሏል።

የቤቱን ስም አልጽፍም። የገጻቸውን ስም እየቀያየሩ ስለሚሠሩ ዛሬ ብጠራው ነገ ሌላ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አሠራራቸውን ማወቁ ይሻላል፤ ይኸው አሠራር ነገ በለገጣፎ ወይም በቡራዩ በኩል በሌላ ስም ብቅ ቢል አይገርመኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኛም ከፍለን ሄደን ቀምሰናል። እዚያ ቤት ሚጥሚጣው የሚገባው ቸኮሌቱ ቸኮሌት አለመሆኑ እንዳይታወቅ ነው። ኬክ ቤት ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ዶናትና ቶርታ የምንለብጥበትን ጥቁር ነገር ገና በጠረኑ አውቀዋለሁ። እኛ ኮምፓውንድ እንለዋለን። የካካዎ ቅቤው (ከካካዎው ፍሬ የሚወጣው ስብ) ቀርቶ በምትኩ የፓልም ፍሬ ዘይት የገባበት፣ ስኳሩ የበዛ ርካሽ ነገር ነው። ለዶናት ልባስ ምንም አይወጣለትም፣ መሸጡም ወንጀል አይደለም። «ንጹህ ቸኮሌት» ብሎ በ1,800 ብር ማስቀመስ ግን ሌላ ነው። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አንድ ነገር «ቸኮሌት» ለመባል ቢያንስ 35 በመቶ የካካዎ ይዘት እንዲኖረው ይጠይቃል፤ የካካዎ ቅቤው ብቻ ከ18 በመቶ ማነስ የለበትም። ሌላ የአትክልት ስብ ቢጨመርበትም ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ነው።

ይህ ማጭበርበር አሁን የበዛው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከአይቮሪ ኮስትና ከጋና ይመጣል። እዚያ ምርት ሲቀንስ ዋጋው ተሰቅሎ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አንድ ቶን ካካዎ ኒው ዮርክ ላይ ከ12,000 ዶላር በላይ ተሸጧል። በኋላ ቢወርድም ብዙ ሰው ርካሹን ስብ ለምዶ ቀረ። በዚያ ላይ የብሩን ምንዛሪ ጨምሩበት። ስለዚህ ንጹሁን ቸኮሌት እንደ ጉድ እናስቀምሳችኋለን የሚል ሰው ሲመጣ፣ ከየት አምጥቶ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። እኛም ጠይቀን ነበር። መጀመሪያ «ከቤልጂየም» አሉን፤ ቆይቶ ሌላው አስተናጋጅ «ካካዎው የጅማ ነው» አለን። ጅማን በቡናዋ ነው የማውቃት።

ሐሳቡ ራሱ መጥፎ አለመሆኑን ልናገር፣ ቅመምና ቸኮሌት አይስማሙም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሜክሲኮ ውስጥ እነ አዝቴኮች ስፔኖች ሳይደርሱባቸው በፊት ካካዎን ያለ ስኳር፣ ከቃሪያ ዱቄት ጋር በጥብጠው ይጠጡት ነበር። ስኳሩ በኋላ የመጣ ነው። ደህና ቸኮሌት ላይ ቃጠሎው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የካካዎ ቅቤ በ34 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ሳታኝኩት ምላስ ላይ ብታቆዩት ቀስ እያለ ይሟሟና ጠረኑ ወደ አፍንጫ ይወጣል፣ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ደግሞ ከስቡ ጋር ተዋህዶ ስለሚቆይ ከኋላ ይከተላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሚጥሚጣም ይልቅ ኮረሪማ ነው ለቸኮሌት የሚሆነው፤ ይህን ግን ለጣዕም ክርክር ልተወው።

ሳህኑ ሲቀርብ ግን አምስቱም ዓይነት አንድ ነበር። ልዩነቱ የላዩ ዱቄት ብቻ ነው፦ አንዱ ላይ ሚጥሚጣ፣ አንዱ ላይ በርበሬ፣ አንዱ ላይ ቁንዶ በርበሬ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ እንደገና ሚጥሚጣ በዛ ተደርጎ። ዱቄቱ ውስጡ አልገባም፣ ከላይ ነው የተነሰነሰው፤ ገና አፍ ሲነካ ያቃጥላል። አፍ ከተቃጠለ በኋላ የምትቀምሱት ካካዎ ይሁን የፓልም ዘይት የምትለዩበት ምላስ አይኖራችሁም። ቃጠሎው በረድ ሲልልኝ ላንቃዬ ላይ እንደ ሻማ የተለጠፈ ነገር ቀረ።

«ወንድሜ፣ ሚጥሚጣ የሌለበት አንድ ቁራጭ አምጣልኝ» አልኩት አስተናጋጁን።

«እህቴ፣ ቅምሻው እንዲህ ነው የተዘጋጀው» አለኝ።

የታሸገበትን ወረቀት ስጠይቅ «የቤቱ ምስጢር ነው» ተባልኩ። የምግብ ይዘት ምስጢር የሚሆነው በየት አገር እንደሆነ እንጃ። እጄን ለመታጠብ ወደ ጓሮ ስዞር ካርቶኑ ከግድግዳው ሥር ተደርድሮ አየሁት። መጀመሪያ የተጻፈው ስኳር፣ ቀጥሎ የፓልም ፍሬ ዘይት፣ ቀጥሎ የአጓት ዱቄት፣ ካካዎው ከዚያ በኋላ። የይዘት ዝርዝር የሚጻፈው በክብደት ከብዙ ወደ ጥቂት ስለሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

እዚህ ላይ በጣም ያናደደኝን ልንገራችሁ። ጾም ነበር። ከጎናችን ያሉ እናት ከመቅመሳቸው በፊት «ልጄ፣ ወተት የለበትም አይደል?» ብለው ጠይቀውት ነበር። «ኧረ የለበትም እናቴ፣ ንጹህ የጾም ነው» አላቸው፣ ዓይኑን ሳያሽ። አጓት ከወተት እንደሚወጣ ለማንም ግልጽ ነው። ተመልሼ «እማማ፣ ይቅርብዎ፣ ወተት አለበት» ስላቸው የያዙትን ሳህኑ ላይ መልሰው አማተቡ። ቸኮሌቱ ጥቁር ስለሆነ ብቻ የጾም ነው ብላችሁ አትመኑ። የታሸገው ላይ ወተት፣ አጓት ወይም ላክቶስ (የወተት ስኳር) የሚል ካለ የጾም አይደለም። ወተት ለማይስማማው ልጅም ጉዳዩ ከጾም በላይ ነው።

ሆት ቸኮሌቱን በሁለት ቃል ልጨርሰው ነበር፣ ግን ሱሉልታ ላይ ስለሆነ አላልፈውም። ወተት በየደጁ በሚታለብበት አገር ተቀምጠው ሆት ቸኮሌቱን በውኃ ነው የሚበጠብጡት! ባለ ስኳር የፓኬት ዱቄት፣ ፍል ውኃ፣ ከላይ ሚጥሚጣ። ሚጥሚጣ ውስጥ ጨው ስላለ የኩባያው ታች ጨው ጨው ይላል። ቀለሙ ጠቆር ማለቱ አያታላችሁ፤ የካካዎ ዱቄት በአልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ በሆነ ነገር) ሲታከም ይጠቁራል፣ ካካዎው በዛ ማለት አይደለም። ሌላው ደግሞ ልጆች ይዛችሁ ለምትሄዱ፦ ምላሳችን ላይ ቃጠሎን የሚያውቀው ተቀባይ ካፕሳይሲንንም ከ43 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀትንም አንድ ላይ ነው የሚቀበለው። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩበት ሥራ አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ ያው መጠን ሚጥሚጣ በፍል መጠጥ ውስጥ ሲሆን ይብሳል። የአንዲት ቤተሰብ ትንሽ ልጅ ጠጥቶ ሲያለቅስ ወተት ቢጠየቅ «የለም» ተባለ፤ የታሸገ ውኃ ግን በሽያጭ አለ። ካፕሳይሲን በውኃ አይታጠብም፣ የሚያበርደው ወተት ነው።

ከዚያ ሒሳብ። 1,800 ብር ተብሎ የተላከው ላይ «ቫት አልተካተተም» ተብሎ 15 በመቶ ይጨመራል፣ ደረሰኝ ስትጠይቁ ግን ማሽኑ ተበላሽቷል። በዚህም አያበቃም፤ መውጫው ላይ በ2,500 ብር የስጦታ ሳጥን አለ፣ «ቀምሳችሁ ሳትገዙ አይወጣም» በሚል ፊት። ያው ኮምፓውንድ በወርቃማ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው፤ የተመረተበትም የሚያበቃበትም ቀን የለውም። አንዱን ከፍቼ ሳይ ነጭ ነጭ ብሏል። ይህ ሻጋታ አይደለም፣ አይመርዝም፤ ስቡ ቀልጦ እንደገና ሲረጋ ወደ ላይ ወጥቶ ነው። ሙቀት ያገኘው ወይም የሰነበተ ዕቃ መሆኑን ግን ይናገራል።

በግድ መግዛት የለባችሁም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አንድ ሸማች ዕቃ ስላማረጠ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም ይላል። ደረሰኝ መስጠትም የነጋዴው ግዴታ ነው። ይህን አዋጅ ስጠራለት ሳጥኑን የሚሸጠው ሰውዬ ከሳጥኑ ላይ እጁን አነሳ፤ ገንዘባችንን ግን አልመለሰም። ማታ ገጻቸው ላይ አስተያየት ብጽፍ ዘጉኝ።

መሄድ ከፈለጋችሁ፣ እነሱ ጋም ሆነ ሌላ ቤት፣ ሙሉውን ብር አስቀድማችሁ አትላኩ። መጀመሪያ ያለ ቅመም አንድ ቁራጭ ስጡን በሉ፤ በቸኮሌቱ የሚተማመን ቤት ይህን አይከለክልም። ምላሳችሁን ብቻም አትመኑ፤ አፍ ውስጥ አሳምሮ የሚቀልጥ ኮምፓውንድም አለ። ዋናው የታሸገበትን ወረቀት ማየት ነው፣ ከስኳር ቀጥሎ የተጻፈው የፓልም ዘይት ከሆነ ተነሡ።

አምሮቱ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ ይሠራል። ካካዎው ከ50 በመቶ በላይ መሆኑ የተጻፈበትን ቸኮሌት ከሱፐርማርኬት ግዙ፣ ለአንድ ኩባያ ወተት 30 ግራም ያህሉን ፈርፍራችሁ በለስላሳ እሳት አሟሙት። ሁለት ፍሬ ኮረሪማ ወቅጣችሁ ጣሉበት። ማቃጠሉን ከወደዳችሁ ጨው ያልገባበት የቃሪያ ዱቄት በቢላ ጫፍ ጨምሩ። ሱሉልታ ድረስ ከሄዳችሁ ደግሞ ወተቱን ይዛችሁ ተመለሱ።

እዚያ ቤት ከፍላችሁ የነበራችሁ፣ በተለይ የጾም ነው ተብላችሁ የበላችሁ፣ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 በነጻ ደውላችሁ አሳውቁ። የቴሌብሩን መልእክትና ያነሳችሁትን ፎቶ አታጥፉት፤ ሲጠየቁ «ከእኛ አልገዙም» ማለታቸው አይቀርም።