የማታ ተማሪህ ቤት ውስጥ የምትመታ ከመሰለህ፦ በአካል ማናገር ወይስ ቴክስት?

ድሬ ላይ ማታ አዋቂዎችን የሚያስተምር ሰው ይሄ ግራ መጋባት አይቀርለትም።

በአካል፦ "ደብተርሽን ልየው" ብለህ አስቀርተህ "ቤት ሰላም ነው?" ትላታለህ። ወጪ የለውም፣ ፊቷንም ታያለህ፤ ግን ባሏ ባጃጅ ይዞ በር ላይ የሚጠብቃት ከሆነ አምስት ደቂቃ መዘግየቷ ራሱ ጣጣ ነው።

ቴክስት፦ ቀላል ይመስላል፣ ለኔ ግን አደገኛው ይሄ ነው፣ ስልኳን ማን እንደሚከፍተው አታውቅም፣ ቴሌግራሙን ብታጠፋው እንኳን ኖቲፊኬሽኑ ቀድሞ ታይቶ ይሆናል።

ቀድማ ራሷ ከጻፈችልህና ስልኩን ሌላ ሰው የማይነካው ከሆነ ቴክስቱ ይሻላል፣ በተለይ ወንድ አስተማሪ ከሆንክ (ብቻችሁን መታየታችሁ ለሰፈሩ ወሬ ነው)። ካልሆነ በአካል፣ በእረፍት ሰዓት። በሁለቱም "ፍቺው፣ ክሰሺው" አይባልም፤ ከጠየቀችህ ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ውስጥ ያለ ጥቃትንም እንደሚመለከት ንገራት፣ ሴቶችና ሕፃናት ቢሮ አብራት የምትሄድ ሴት ፈልግላት።