ሹመት የሚከታተል ሰው ሐዋሳ ላይ የት ቡና ይጠጣ?

ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ፍቅር ሐይቅ ስትወርዱ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብላ አንዲት የጀበና ቡና ቤት አለች። የተለጠፈ ስም የላትም፤ ደንበኛው ሁሉ «ጋሼ ጋ» ነው የሚላት። ሐዋሳ ውስጥ ጥሩ ቡና የሚቀዳበት ቤት ሞልቷል። ዜናን ከወሬ ለይቶ የሚያስቀምጥ ግን እስካሁን ያገኘሁት ይህንን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከቡናው በፊት ስለ ሰሌዳው ልናገር።

ሰሌዳው ከጀበናው ጀርባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ተራ ጥቁር ሰሌዳ ነው። በጠመኔ ለሦስት ተከፍሏል፦ «ተባለ»፣ «ታጨ»፣ «ጸደቀ»። የሆነ አገር አዲስ መሪ ይዞ የሹመት ወሬ ሲጀመር የቤቱ ባለቤት ጋሼ ስሞቹን እዚያ ላይ ይጽፋሉ። ስም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ሕግ ጥብቅ ነው። «ምንጮች ነገሩን» ያለ ዘገባ የቱንም ያህል ትልቅ ጣቢያ ቢያወራው ከመጀመሪያው አያልፍም። ሁለተኛው ላይ ለመግባት ሿሚው በራሱ አንደበት መናገር አለበት፤ ሦስተኛው ላይ የሚገባው ደግሞ ምክር ቤት ድምፅ ከሰጠ በኋላ ብቻ ነው። ጋሼ በወጣትነታቸው ጋዜጣ ያዞሩና ያከራዩ ነበር፤ ከምርጫ 97 በኋላ ብዙዎቹ የግል ጋዜጦች ሲዘጉ ነው ወደ ቡና የዞሩት። አርዕስቱ የሚጮኸውንና ውስጥ ገጽ ላይ የተጻፈውን ማስተያየት የለመዱት ያኔ ይመስለኛል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከዚያ በፊት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ላይን ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ ወደ አሜሪካ የሚላከው ልብስ ትዕዛዝ ሳሳ፤ እኔ የነበርኩበት ፋብሪካም ሠራተኛ ቀነሰ። ከእኔ ጋር ሲሠሩ የነበሩት ልጆች ግማሾቹ ወደየገጠራቸው ተመለሱ፣ ግማሾቹ ዓረብ አገር ሄዱ። ዋሽንግተን ላይ ማን የንግድ ተወካይ ሆኖ ይሾማል የሚለው ጥያቄ ለእኔ የሩቅ አገር ጨዋታ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ቤት ገብቼ ስለ አሜሪካ ካቢኔ ስጠይቅ «አንቺን ምን አገባሽ?» ብሎ የሚያየኝ ሰው የለም፤ ይህም ራሱ ከአገልግሎቱ አንዱ ነው።

የሰሌዳውን ዋጋ ያወቅኩት በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ነው። ዶናልድ ትራምፕ ጥቅምት 26 በተካሄደው ምርጫ ካሸነፉ በኋላ የሁላችንም ስልክ በስም ዝርዝር ተጥለቀለቀ። ዩቲዩቡ ሁሉ «ሰበር» ነው፤ ቀይ ቀስት፣ የተከበበ ፎቶ፣ «ታወቀ!» የሚል ጽሑፍ። ሌላ ቡና ቤት ብገባ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚንከባለለው ይኸው ነበር። ጋሼ ጋ ግን «ጸደቀ» የሚለው ቦታ ለወራት ባዶውን ተቀመጠ። ሱዚ ዋይልስ የዋይት ሐውስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ እንደሚሆኑ ጥቅምት 28 ሲነገር ጋሼ ሦስተኛው ቦታ ላይ «አያስፈልግም» ብለው ጻፉበት፤ ያ ሥልጣን የሴኔት፣ ማለትም የአሜሪካ የላይኛው ምክር ቤት፣ ይሁንታ አይፈልግማ። እንዲህ ያለውን ዝርዝር በዚያ ሰሞን ከሰማኋቸው ስርጭቶች መካከል ያስረዳኝ አልነበረም።

የማርኮ ሩቢዮን ነገር ውሰዱ። ኅዳር 2 እና 3 ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሊሆኑ ነው የሚለው ዘገባ ከጋዜጣ ምንጮች ወጣ፤ በየስልኩ «ተሾሙ» ተብሎ ተሠራጨ። ጋሼ «ተባለ» ላይ አስቀመጧቸው። ትራምፕ በይፋ ያስታወቁት ኅዳር 4 ነው፤ ስሙ ያን ቀን ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። ሴኔቱ 99 ለ 0 ያጸደቃቸው ደግሞ በቃለ መሐላው ዕለት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፤ ለእኛ ሌሊት ስለነበር ጋሼ በማግስቱ ጠዋት ጻፉት። አንድ ልጅ «ሴኔቱ 100 አይደለም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት ጄ.ዲ. ቫንስ የለቀቁት የኦሃዮ ወንበር ገና እንዳልተሞላ እዚያው በእርጋታ አስረዱት።

ይህ ቤት ከሌሎች የሚለይበትን ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያሳየው የማት ጌትስ ጉዳይ ነው። ኅዳር 4 ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ሲታጩ የተወካዮች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲመረምራቸው የቆየ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው የቀረበባቸውን ክስ ያስተባብላሉ። አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ መጥቶ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አልቋል፤ ጸደቀ ላይ ያስገቡት» አላቸው። «የኔ ልጅ፣ ሴኔቱ መቼ ተሰበሰበ?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ጥያቄ፣ ምርመራ፣ የሴናተሮች ማጉረምረም ቀጠለ። ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ ከተማው በሚቃጠለው ቆሻሻ ጭስ ታፍኖ ሳለ ማታ ላይ ጌትስ ራሳቸውን ከዕጩነት እንዳገለሉ ተሰማ። በዚያው ቀን ፓም ቦንዲ ታጩ። ጋሼ ስሙን አልደመሰሱትም፤ አንድ መስመር ብቻ ሰረዙበትና የቦንዲን ከሥር ጻፉ።

እነዚያ ስምንት ቀናት ናቸው ለእኔ የሚገርሙኝ። የመገናኛ ብዙኃኑ ጉልበት በአብዛኛው የሚያልቀው «ማን ይሆን?» በሚለው ግምት ላይ ነው። ግምቱ ቢይዝም ባይዝም ግን የሚለውጠው ነገር የለም። ፔት ሄግሴት ለመከላከያ ሲታጩ የአብዛኛው ሰው ግምት ውስጥ አልነበሩም፤ «ተባለ» ላይ ሳይጻፉ በቀጥታ «ታጨ» ላይ ገቡ። ጥር 16 ሴኔቱ 50 ለ 50 ሲከፈል በቫንስ ድምፅ ነው ያለፉት፤ ከራሳቸው ፓርቲ ሚች ማኮኔል፣ ሱዛን ኮሊንስና ሊሳ መርካውስኪ ተቃውመዋል። እውነተኛው የጋዜጠኛ ሥራ ያለው ሰው ከታጨ በኋላ፣ ከመጽደቁ በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ምን ሠርቷል? ምን ያውቃል? ማን ያምነዋል? ይህ የሚጠየቀው ያኔ ነው።

እኛ ጋ ይህ ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 74 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩ ሚኒስትሮችን ለተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባሉ። መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲሱ መንግሥት ሲመሠረት 22 ሚኒስትሮች ቀርበው በዚያው ዕለት ጸደቁ። ከተቃዋሚ ፓርቲዎች ብርሃኑ ነጋ በትምህርት፣ በለጠ ሞላ በኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ፣ ቀጀላ መርዳሳ በባህልና ስፖርት መግባታቸው ትልቅ ነገር ነበር፤ ተቃዋሚን ማካተቱን ያኔም ደግፌአለሁ፣ ዛሬም እደግፋለሁ። ነገር ግን እነሱንም ሆነ ሌሎቹን በስማቸው ለመመርመር አንድ ሳምንት ብናገኝ ምን ነበረበት? ይህን ጥያቄ ጋሼ ጋ ድምፃችንን ዝቅ ሳናደርግ ተነጋግረንበታል።

ስለ ታማኝነት የሚነሳው ክርክርም ከፍ ያለ ነው። አዘውትሮ የሚመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር መሪ የማያምነውን ሰው ሊሾም አይገባም ባይ ነው። ማስረጃው ያው የትራምፕ የመጀመሪያ ዘመን ነው፦ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጄፍ ሴሽንስ ሩሲያ በምርጫው ጣልቃ ገብታለች ከሚለው ምርመራ ራሳቸውን አገለሉ፣ በኋላ ተባረሩ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሬክስ ቲለርሰን በትዊተር ተሰናበቱ። ትራምፕ በሁለተኛው ዙር ገና ጥቅምት 30 ላይ በመጀመሪያው ዘመን የሾሟቸውን ኒኪ ሄሊንና ማይክ ፖምፔዮን እንደማይጋብዙ ማስታወቃቸው ከዚያ የመጣ ነው ይላል። እኔ አንድ ነገር ጨመርኩለት፤ ሩቢዮ እኮ በ2016 እ.ኤ.አ. የትራምፕ ተፎካካሪ ነበሩ። የትናንት ጠብ አላስቀራቸውም፤ የታየው በኋላ ያደረጉት ነው። ቦንዲም የፍሎሪዳ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው የሠሩ ናቸው፣ ትራምፕን ከሥልጣን ለማውረድ በተካሄደው በመጀመሪያው የክስ ሂደትም ለእሳቸው ተሟግተዋል። ታማኝ የሆነ ሁሉ ባዶ ነው ማለት አይቻልም።

ሆኖም ፋብሪካ ውስጥ ያየሁትን አልረሳም። ለአለቃ ቅርብ ስለሆነች ብቻ ሱፐርቫይዘር የተደረገች ልጅ ነበረች። ጠርዝ የሚሰፋው ኦቨርሎክ ማሽን ላይ ሥራ ተከምሮ የቁልፍ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሲቆም እንዴት እንደምታመጣጥን አታውቅም፣ ለመጠየቅም ትፈራለች፤ ከጠየቀች አለቃዋ መሳሳቱ ይታወቃል። የተመለሰውን ሸሚዝ ሁላችንም አብረን ፈታነው። ለመምህሩ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ታማኙ ሥራውን ካላወቀ ሿሚውንም አብሮ ያወርደዋል። መምህሩ አልተስማማም። ቡናውን ግን እሱ ከፈለ።

ወደ ራሴ ጉዳይ ስመለስ፣ በጥቅምት መጨረሻ ሮበርት ላይታይዘር ወደ ንግድ ተወካይነት ሊመለሱ ነው ተብሎ ተወራ፤ ወዲያው ደግሞ ሐሰት ነው የሚል ወጣ። ጋሼ ከስሙ ጎን የጥያቄ ምልክት አደረጉ። ኅዳር 17 የታጩት ጄሚሰን ግሪር ሆኑ፤ የላይታይዘር የቀድሞ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ። የካቲት 19 በ56 ለ 43 ጸደቁ። ሥራውን የሚያውቅም ታማኝም የሆነ ሰው እንዳለ ያሳየኝ ይህ ሹመት ነው፤ ለሐዋሳ ይበጃል አይበጅም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። በየዩቲዩቡ ስለ ግሪር የተናገረ ሰው አልሰማሁም። ከዚህ ከተማ ጋር ከሁሉም በላይ የሚገናኘው ስም እሱ ነበር።

ከዚህ ቤት የሚጎድል ነገር ቢኖር ሬዲዮው ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ የቤቱ አይደለም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ሲጀምር ጋሼ ቴሌቪዥኑን ያጠፉ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ የሚመጡት በዚያ ሰዓት ነበር። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ትራምፕ ለጣቢያው ዳይሬክተርነት ኬሪ ሌክን እንደሚፈልጉ ተናገሩ፤ የቀድሞ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ፣ ለአሪዞና አገረ ገዢነትና ለሴኔት ተወዳድረው የተሸነፉ፣ ጽኑ ደጋፊያቸው። ቦታው የካቢኔ አይደለምና ሰሌዳው ላይ አልተጻፈም። መጋቢት 5 ጣቢያው የሚተዳደርበትን ኤጀንሲ የሚያጥፍ ትዕዛዝ ተፈረመ፤ በማግስቱ 1,300 የሚያህሉ የጣቢያው ሠራተኞች ከሥራ ታገዱ፤ ያን ሰሞን በለመድነው ሰዓት የለመድነው ድምፅ አልመጣም። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ቀን መጥተው ጠበቁ። ከዚያ ቀሩ። ሹመት እስከዚህች ክፍል ድረስ ገብቶ ወንበር ባዶ ሲያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቡናው 25 ብር ነው፤ ከፈለጋችሁ ጤና አዳም ይገባበታል። ሦስተኛው ስኒ እንኳ አይቀጥንም። ጠዋት ከመጣችሁ የሲዳማው የቆጮ ምግብ ቡርሳሜ በእርጎ አለ፣ እሱን እንዳያልፋችሁ። ማኪያቶውን አልመክርም፤ ወተቱ ይበዛል። ዱካዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው ይከብዳል፤ በረንዳው ላይ ያሉት ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ቶሎ ይያዛሉ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝ ኳስ ስለሚታይ ዜና ፈልጋችሁ አትምጡ፤ ሰሌዳው ራሱ በጨዋታ ሰዓት ዝርዝር ይሸፈናል፣ ይህንን ጋሼ ቢያርሙት ደስ ይለኛል። ጽሕፈታቸውም ደቃቅ ነው፤ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው አያነበውም።

አንድ ነገር ደግሞ በፊት ለፊት ጠይቄአቸዋለሁ፤ እዚህም ልድገመው። «ተባለ» በሚለው ሥር ወሬውን ማን እንዳወጣው ይጻፍልን። ሥልጣኑን የሚመኘው ሰው ራሱ ስሙን ያስወራል፤ ተቀናቃኙ ደግሞ ቀድሞ እንዲቃጠል ብሎ ያወጣዋል፤ የሿሚው ሰዎችም ሕዝቡ ምን ይላል ብለው ይሞክሩታል። ዘገባው ምንጩን በስም ባይጠራ እንኳ «ለትራምፕ ቅርብ የሆኑ» ወይም «የሴኔት ሠራተኞች» ይላል፤ ያችን ማስፈር ይቻላል። ጋሼ «ቦታ የለም፣ ሰሌዳው ጠባብ ነው» አሉኝ። ከሱቄ አጠገብ ያለው አናጺ በርካሽ ሰፋ ያለ እንደሚሠራ ነግሬአቸዋለሁ፤ ለሰሌዳው የምናዋጣ ደንበኞችም አለን።