የፊት ፒሊንግ፦ የጠርሙሱ ወይስ የክሊኒኩ?

ጓደኞቼ ባገኙኝ ቁጥር «ፒሊንግ የቱ ይሻላል?» ይሉኛል። ፒሊንግ የፊትን የላይኛውን ቆዳ በአሲድ መላጥ ነው፤ ወይ ጠርሙስ ገዝቶ ቤት፣ ወይ ክሊኒክ። ሁለቱንም በገንዘቤ ሞክሬያለሁ። የጠርሙሱን አትግዙ።

ዋጋው ያጓጓል፣ አውቃለሁ። እኔ ከቴሌግራም በ1,800 ብር ገዛሁት። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው፣ ለአሥር ጊዜ ይበቃሻል» አለኝ። ለአንዱ 180 ብር መሆኑ ነው! ላዩ ላይ «ቲሲኤ 30 በመቶ» ይላል፤ ቲሲኤ ቆዳ የሚልጥ ጠንካራ አሲድ ነው። ውስጡ ስንት እንደሆነ የነገረኝ ግን ፊቴ ነው። ቲሲኤ እንቁላል መጥበሻ ላይ እንደሚነጣው የቆዳን ፕሮቲን ያረጋል። ከነጣ በኋላ ብትታጠቡ የረጋው አይመለስም። እኔም ሮጬ ቧንቧ ስር ገባሁ። ምን ዋጋ አለው!

ጠይም ቆዳ ሲቃጠል ይጠቁራል፤ ሲቆጣ ብዙ ቀለም ያመርታል። ያስቸገሩኝ ብጉር የተዋቸው ጥቂት ነጥቦች ነበሩ። በሁለት ሳምንት ጉንጬ በሙሉ ጠቆረ። ልኳል ብዬ ዓይኔን አጠፋሁ። ለካርድ፣ ለቅባትና ለፀሐይ መከላከያ 11,400 ብር ወጣ፤ ሰባት ወርም ፈጀ። ከጠርሙሱ ጋር ሲደመር 13,200።

ካገገምኩ በኋላ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሳሊሲሊክ አሲድ ተሠራሁ። መጀመሪያ 20 በመቶ፣ ኋላ 30። አንዱ 3,200 ብር፣ በየሦስት ሳምንቱ አራት ጊዜ፤ 12,800 ብር። ከ«ርካሹ» በ400 ብር ያነሰ!

ሲቀቡት ለጥቂት ደቂቃ ይለበልባል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣል፤ አትደንግጡ፣ የአሲዱ ብናኝ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል፣ በሳምንት ገደማ ያልቃል። እጃችሁን ሰብስቡ፤ የጎተታችሁት ቦታ ይጠቁራል። ያለ ፀሐይ መከላከያ ከሆነ ባትጀምሩት ይሻላል። ሬቲኖል የምትቀቡ ከሳምንት በፊት አቁሙ። ምች የሚወጣባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አስፕሪን የማይስማማችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። የጎደጎደ የብጉር ጠባሳ ካላችሁ ይህ አይሞላውም፤ ብራችሁን ያዙ።

ሳሎንስ? አንዱ ጋ «አሲዱ ስንት በመቶ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ልዩ ነው» አሉኝ። ያው ጠርሙስ ነው፣ ሰው ይቀባላችኋል እንጂ። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እንኳ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. እነዚህን አሲዶች ያለ ባለሙያ ቤት ውስጥ አትጠቀሙ ብሎ አስጠንቅቋል።

ክሊኒክ ስትሄዱም ከመተኛታችሁ በፊት ሒሳቡን ጨርሱ። የአሲዱን ስም፣ በመቶኛውን፣ ካርዱ ከ3,200ው ውስጥ ይሁን አይሁን ጠይቁ። የእኔ ውስጥ ነበር። የጓደኛዬ ግን ለብቻው 600 ብር ተከፈለ።

ጠርሙሱ አሁንም ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ። ባለፈው አንዷ፣ ይህን ሁሉ ካወራኋት በኋላ፣ «ካልፈለግሽው በ500 ብር ልውሰደው?» አለችኝ።