ነጯን መመለስ ላስተማሩኝ ጋሼ

ደብረ ብርሃን ያላችሁ የፑል ወዳጆች፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የጠረጴዛ ሒሳብ የምከፍለው እኔ ነበርኩ። ተሸናፊ ይከፍላል፣ ሕጉ ነው። ኳስ ማስገባት አያቅተኝም። ያስቸገረችኝ ነጯ ናት፣ ሌሎቹን ለማስገባት በስቲክ የምንመታት ኳስ። የመታኋትን ኳስ ተከትላ ቀዳዳ ትገባለች፣ ካልሆነም ጥግ ሄዳ ትለጠፍብኛለች። ጓደኞቼ ግን መትተው ወደ ራሳቸው ይመልሷታል። "እንዴት ነው?" ስላቸው "ከታች በኃይል ምታት" አሉኝ። ከታች በኃይል መታኋት። ነጯ ከጠረጴዛው ዘልላ የሰው ማኪያቶ ደፋች።

አንዱ ደግሞ "ችግሩ ስቲክህ ነው" ብሎ ውድ ስቲክ ሸጠልኝ። በአዲሱም ተሸነፍኩ።

ጋሼን ያገኘኋቸው በዚሁ ስቲክ ሰበብ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ቆዳ ተላጠች። ጠባሴ አካባቢ ጫፍ የሚቀይሩ ሰው አሉ ተባልኩና ሄድኩ። (ስሜን እንዳትጽፍ ስላሉኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው።) ቆዳዋን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጓትና "ልጄ፣ ይቺ ደርቃ ድንጋይ ሆናለች። ጠመኔ አትይዝልህም" አሉኝ። (ጠመኔ ስቲኩ ኳሷ ላይ እንዳይንሸራተት ጫፉ ላይ የምንቀባት ናት።) አዲስ ቆዳ በሙጫ ለጠፉ፤ ሙጫው እስኪደርቅ ሌላ ስቲክ ሰጥተውኝ "እስቲ ምታ ልይህ" አሉ። መታሁ። ሳቁብኝ።

"ስቲክ ነው የያዝከው ወይስ ሌባ?"

እውነታቸውን ነው። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በታኅሣሥ ውርጭ ጣት ሁሉ ይጨመደዳል። እኔም ስቲኩን ጨምድጄ ነበር የምይዘው። እጅ ሲጠብቅ ክንድ ይጠብቃል፣ ምቱም ይቆራረጣል። ላላ አድርጌ እንድይዝ አደረጉኝ።

ቀጥሎ ያሳዩኝን ግን ማንም አሳይቶኝ አያውቅም። ነጯን አነሱና በቦታዋ ባለ መስመሯን 9 ቁጥር አስቀመጡ። መስመሩ አግድም እንዲሆን አዙረው "ከመስመሩ የታችኛው ጠርዝ ትንሽ ከፍ አድርገህ ምታ" አሉኝ። ቆዳውን ጠመኔ ቀባሁና መታሁ። ኳሷን አንስተው ዓይኔ ሥር አመጧት። ሰማያዊዋ የጠመኔ ነጥብ መስመሩ መሃል ላይ ቁጭ ብላለች! ሁለት ዓመት ሙሉ ከታች የምመታ እየመሰለኝ መሃሏን ነበር የምመታው። ከጠርዙ በታች ብወርድ ደግሞ ስቲኩ ይንሸራተታል አሉኝ። ለካ የሚሠራው ቦታ ጠባብ ነው።

የመዝለሏንም ነገር ነገሩኝ። እኔ ዝቅ ለማለት ብዬ የስቲኩን ኋላ አነሳለሁ፣ ኳሷን ከታች ልጭራት እሞክራለሁ። "የኋላውን ተወው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን መዳፍህን ዝቅ አድርጋት" አሉ። ስቲኩ በተቻለ መጠን አግድም ይሁን። ኳሷን ነክቶም አይቁም፤ አንድ ስንዝር ያህል አልፏት ይሂድ።

ስለ ኃይሉ ጠየቅኳቸው። በቡና ሲኒ ማስቀመጫ አስረዱኝ፣ እኔ በአጭሩ ልንገራችሁ። ከታች የተመታች ነጭ ወደ ፊት እየተንሸራተተች ወደ ኋላ ትዞራለች። ጨርቁ ደግሞ መንገድ ላይ ዙሯን ይበላባታል። ሌላዋን ኳስ ፊት ለፊት ስትመታ የወደፊት ጉዞዋን ለእሷ ታስረክባለች፤ የተረፋት ዙር ካለ ወደ ኋላ ይስባታል፣ ካለቀባት እዚያው ትቆማለች። ስለዚህ ኳሶቹ ሲራራቁ ነው ፍጥነት የሚያስፈልገው። አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ለስለስ ያለ ምት ይበቃል።

ጠመኔዋ ስትነሳ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ገጠር ፑል ቤት የትምህርት ቤት ጠመኔ አስቀምጠው አይቻለሁ። አይሆንም። የፑሏ ስሟ ጠመኔ ይሁን እንጂ ሲሊካ ያለባት ሌላ ውህድ ናት፤ ስፒንክስና ሆስኪንስ የተባሉ አሜሪካውያን በ1897 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያወጡባት።

የመጀመሪያውን ሳምንት ማስቆም ብቻ ነው ያሠሩኝ። መመለስ ክልክል! ተሰላችቼ ልተው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማታ ነጯ ኳሷን መታች፣ ቆመች፣ እንደማሰብ አለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች። ጮህኩ። ጋሼ ከቡናቸው ቀና ሳይሉ "ድገማት" አሉኝ። አልደገምኳትም፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። በነጋታው ግን አምስቴ መለስኳት።

እንግዲህ ስቲካችሁ የተላጠ፣ ነጯ እምቢ ያለቻችሁ ሂዱ። ጠባሴ ፑል ቤቶቹ ጋ "ጫፍ የሚቀይሩት ሰውዬ" ብትሉ ይነግሯችኋል። ለማስተማሩ አይቀበሉም፤ ለጫፉና ለጠረጴዛው ብቻ ነው የምትከፍሉት። ጉድለትም አለው፣ አልዋሽም። ቤቱ ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ። አንደኛው ጠረጴዛ ወደ ግራ ያዘነብላል። ስልክ እየነካካችሁ ከሆነ ጥለዋችሁ ይወጣሉ። በብር ለሚወራረድ ደግሞ ጭራሽ አያሳዩም።

ጋሼ፣ ይቺን የሚያነብልዎት ልጅ ካለ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሒሳቡን የከፈለው ያ "በኃይል ምታት" ያለኝ ልጅ ነው። የማኪያቶው ባለቤትም አጠገባችን ነበር፤ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ነው ያየን።