ቀረርቶ ወይስ ራፕ? ለአዛውንት ጆሮ

ደብረ ማርቆስ፣ አጎቴ ቤት ቁጭ ብለን ሁለቱንም በስልኬ አሰማኋቸው። ቀረርቶው ሲጀምር ዱላቸውን ጨበጥ አድርገው ተነሱ። ራፑ ላይ ግን «ምን ያጣድፈዋል?» አሉኝ። ግጥሙን ቀስ ብዬ ስነግራቸው ፊታቸው ፈካ፤ «ይሄማ ፉከራ ነው!»

እውነታቸውን ነው። ሁለቱም ራስን ማወደስ፣ ባላንጣን መዝለፍ፣ ቤት መምታት ይወዳሉ። ቀረርቶ ግን ድምፅን ይስባል፣ ለሰሚው ትንፋሽ ይሰጣል። ራፕ በ1973 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ከተወለደው ሂፕሆፕ ጋር ያደገ፣ ምት ላይ የሚሮጥ ንግግር ነው። ቅኔ ለለመደ የጎጃም ሽማግሌ ቃሉ አይከብደውም፤ የሚከብደው ፍጥነቱ ነው። እኔ ለአዛውንት ቀረርቶን አስቀድማለሁ። ራፑን ዝግ ያለውን፣ በአማርኛ የተባለውን መርጣችሁ አስከትሉ።