«ደብዳቤህ አልደረሰንም» ቢሏችሁ፦ የመኪና ዋራንቲ የምትሰርዙ ተጠንቀቁ

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ መኪና በብድር የምትገዙ ወገኖች፣ በተለይ ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ፣ ይህን አንብባችሁ ለሌላውም አድርሱ።

ዲለሩ (መኪና ሻጩ) ጋ ዋጋ ከተስማማችሁ በኋላ ፋይናንስ ክፍል ያስገቧችኋል። ኤክስቴንድድ ዋራንቲ የሚባለው፣ መኪናው ሲበላሽ የጥገና ወጪ የሚሸፍን ውል ብድሩ ላይ የሚጫነው እዚያ ነው። አንድ ጓደኛዬን «ይህን ካልወሰድክ ባንኩ አይፈቅድልህም» ብለው አስፈረሙት። አትመኑ፤ ዋራንቲ የፈለገ የሚገዛው፣ ያልፈለገ የሚተወው ነገር ነው።

ደግነቱ ውሉ ይሰረዛል። ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ 30 ወይም 60 ቀናት ከተሰረዙ ሙሉውን ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ ግን ተመላሹ ባለፈው ጊዜና በተነዳው ማይል ልክ እየተቆረጠ ይሄዳል። ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው። ጓደኛዬ የስረዛ ደብዳቤውን ትራኪንግ (የት እንደደረሰ የሚያሳይ ቁጥር) ባለው ፖስታ ልኮ ሲደውል «አልደረሰንም፣ እንደገና ላክ» አሉት። ትራኪንጉ ደርሷል ይላል፤ እነሱ ደግሞ «ማን ፈርሞ ተቀበለ?» ይላሉ። ዲለሩ ወደ ዋራንቲው ኩባንያ፣ ኩባንያው ወደ ዲለሩ ይመራዋል። ኡበር የሚነዳ ሰው መኪና ደግሞ አይቆምም፤ በተጓተተ ቁጥር የሚከስረው እሱ ነው።

ስለዚህ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ «ሰርቲፋይድ ሜይል፣ ከሪተርን ሪሲት ጋር» በሉ። አገር ቤት የምናውቀው የአደራ ደብዳቤ ዓይነት ነው፤ ወጪው 10 ዶላር አካባቢ ነው። ሪተርን ሪሲት የምትባለው አረንጓዴ ካርድ ተቀባዩ ፈርሞባት ወደ እናንተ ትመለሳለች፤ የፊርማው መዝገብም ፖስታ ቤቱ ዘንድ 2 ዓመት ይቆያል። የተራው ትራኪንግ መረጃ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ይጠፋል። መንገድ ዳር ሳጥን ውስጥ አትክተቱት፤ መስኮት ላይ ሰጥታችሁ ደረሰኙን የዕለቱን ማኅተም አስመቱበት።

አንድ ቀዳዳ ግን ይቀራል። ካርዷ የምትመሰክረው ፖስታው መድረሱን እንጂ ውስጡ ምን እንደነበረ አይደለም። «የደረሰን ባዶ ወረቀት ነው» የሚል ደፋርም አይጠፋም! የሰርቲፋይድ ሜይሉን ቁጥር ደብዳቤው አናት ላይ ጻፉት፣ ፈርማችሁ ፎቶ አንሱት። የመኪናውን ማይል የሚያሳይ ፎቶም ቀን ጽፋችሁ አብራችሁ ላኩ፤ አለበለዚያ «ማይሉን አላሳወቅህም» የሚል አዲስ ሰበብ ይመጣል። አድራሻውን ውሉ ውስጥ ስለ ስረዛ ከሚናገረው አንቀጽ ውሰዱ፣ የክፍያ መቀበያውን አይደለም። ቅጂውን ለዲለሩም ለአበዳሪውም ላኩ።

አልቀበልም ብለው ከመለሱት ፖስታውን አትክፈቱ። እንደታሸገ ከነማኅተሙ አስቀምጡት፤ መላካችሁን ያስረዳላችኋል።

ብድሩ ካላለቀ ተመላሹ በእጃችሁ አይገባም፣ ለአበዳሪው ነው የሚሄደው። ወርሃዊ ክፍያው እንዳለ ሆኖ ቀሪው ዕዳ ይቀንሳል። ጓደኛዬም በሁለተኛው ደብዳቤ ዕዳው ቀንሶለታል፤ በመሀል የነዳው ማይል ግን ተቆርጦበት ነው።

ፊርማው በእጃችሁ እያለ አሁንም ከካዱ፣ የክፍለ ግዛታችሁ ዋና ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አለ። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም አቤቱታ በኢንተርኔት ይቀበላሉ። ካርዷን፣ ደረሰኙንና የደብዳቤውን ፎቶ አያይዙ።